ዋልያና ጭላዳ የሆንንበት ዓመት

ባለፈው ሰሞን ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሹራቧ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ቢጫ ሪባን አየሁና የጓደኛዋ ልደት ተከብሮ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ማታ ልብሷን ሳወልቅላት፣ «እማዬ፣ እንዳትጥዪው፤ እኔ እኮ ኢመርጂንግ ነኝ» አለችኝ። ጎንደር ከተማ ስኖር የብዙ በሽታ ስም ሰምቻለሁ፤ ይኼኛው አዲስ ስለሆነብኝ ግንባሯን ዳሰስኩ። ለካስ ትምህርት ቤቷ ልጆቹን በእንግሊዝኛ ችሎታቸው ለይቷቸው ኖሯል፤ አቀላጥፎ ለሚናገረው አረንጓዴ፣ ገና ለሚጀምረው፣ «ኢመርጂንግ» ለሚሉት፣ ቢጫ። ሪባኑን ፈትቼ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የጠመኔ ብናኝ ሸተተኝ፤ ከዚያ በኋላ እራት እስኪቀርብ ድረስ በሐሳቤ ያደግኩባት ደባርቅ ነበርኩ።

በእኛ ጊዜ ሪባን የሚባል ነገር አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ከተራራው የሚወርደው ብርድ ጣት ስለሚያደነዝዝ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እጅ በማሻሸት ያልቃል፤ ጓደኛዬ ውባለምና እኔ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምረን አንድ ዴስክ ላይ፣ አንድ ነጠላ ለሁለት ደርበን ስለምንቀመጥ ከሌላው ሻል ይለን ነበር። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት አባቴ ዜማ ከሚያስተምሯቸው ተማሪዎች ጩኸት ሥር ነው። እሷ የገበሬ ልጅ ናት፤ ቤታቸው ወደ ተራራው ፓርክ፣ ወደ ቡይት ራስ፣ በሚወጣው መንገድ ዳር ስለነበር ለቱሪስት የሱፍ ኮፍያ እየሸጠች አደገች። እኔ መናገር ስፈራ እሷ ትናገርልኛለች፤ እሷ የቤት ሥራ ስትረሳ እኔ አስገለብጣታለሁ፤ በዚህ ዓይነት ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ተማሪ ይወጣን ነበር።

አምስተኛ ክፍል ስንገባ አዲስ የእንግሊዝኛ መምህር መጣልን። ከቆላ አገር የመጣ፣ ጃኬት በጃኬት ላይ የሚደርብ፣ ልቡ ቅን የሆነ ወጣት ነበር። ሁሉንም ልጅ በአንድ ላይ ማስተማር ግፍ ነው ብሎ ስላመነ በችሎታችን ሊደለድለን ቆረጠ፤ «ጎበዝ» እና «ሰነፍ» የሚሉት ስሞች ደግሞ ልጅ ይጎዳሉ ብሎ ስላዘነ፣ አገሩ የሚኮራባቸውን የፓርኩን እንስሳት ስም ሰጠን። አቀላጥፈው የሚናገሩት ዋልያ፣ መካከለኞቹ ቀበሮ፣ የሚንተባተቡት ጭላዳ። እሱ እነዚህን እንስሳት ያያቸው ፖስተር ላይ ነበር፤ እኛ ደግሞ ገብስ ውስጥና በግ ጉሮሮ ላይ። መለኪያው ቀላል ነው፤ ልጁ ፊት ወጥቶ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እሱ ሰዓቱን ያያል፣ ሳያቋርጥ የቆየ ዋልያ ነው።

ውባለም ወጣችና ለቱሪስት የምትለውን ሁሉ፣ ሰላምታውን፣ የኮፍያውን ዋጋ፣ ክርክሩን፣ «ላስት ፕራይስ»ን ጨምራ፣ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። እኔ «ማይ ኔም ኢዝ አጸደ» ካልኩ በኋላ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ። እሷ ከዋልያዎቹ ጋር መስኮቱ ጋ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ከጭላዳዎቹ ጋር ብርዱ በሚገባበት በር አጠገብ። ነጠላው የእሷ ስለነበር አብሯት ሄደ። ያን ቀን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን ለእንግሊዝኛው አልነበረም።

መምህሩ ከገና በኋላ ድጋሚ እለካችኋለሁ ብሎ ስለነበር፣ እስከዚያ ድረስ ዋልያ ሆኜ ወደ ውባለም እደርሳለሁ ብዬ ማልኩ። አባቴን አማከርኳቸው። አባቴ ከእንግሊዝኛ አንድ ፊደል አያውቁም፤ እንዴት እንደሚጠና ግን ያውቃሉ። የእንግሊዝኛ መጽሐፌን አስይዘው፣ በቃሌ እስክይዘው ድረስ በየማታው እንደ ዜማ ተማሪዎቻቸው አስቀጸሉኝ፤ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ ምላሴ ከተደናቀፈ «ተሰናከልሽ! ከራሱ ጀምሪ» ይላሉ። ትርጉሙ አልገባኝም ብል፣ «መጀመሪያ ንባቡ ይጽና እንጂ ልጄ፤ ትርጓሜው እያደር ይመጣል» አሉኝ። እሳቸው ዳዊትን የደገሙት እንዲህ ነው፤ የእኔ መጽሐፍ ደግሞ ከዳዊት ይበልጣል እንዴ?

የመለኪያው ቀን ደረሰ። ባለፈው ክፍሉ ስቆ ስላስቸገረ፣ መምህሩ በዚህኛው ጊዜ አንድ በአንድ ለብቻችን ወደ ቢሮ ጠራን። ገባሁ፣ እጄን አጣመርኩ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየተወዘወዝኩ መጽሐፉን ከሽፋኑ ጀመርኩት። ታሪኩን፣ መልመጃውን፣ የገጹን ቁጥር ሳይቀር አዜምኩት፤ «ፊል ኢን ዘ ብላንክ ስፔስ» የሚለው ጋ ስደርስ ደስ ስለሚለኝ ድምፄን ስቤ አስረዘምኩት። መምህሩ መሀል ላይ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሲያቋርጡኝ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ከሽፋኑ ጀመርኩለት። ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ ሰዓቱን አይቶ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ።

በማግስቱ ምድቡን አነበበልን። አጸደ፣ ዋልያ! የሰማሁት ይህንን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተጠራውን ስም ሁሉ ደስታዬ ዋጠው። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ መስኮቱ ስበር፣ ውባለም ነጠላዋን አንጠልጥላ ወደ በሩ ስትመጣ ከቀበሮዎቹ መሀል ተገጣጠምን።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ወዳንቺ ነዋ! አፌን ዘግቼ ቆምኩለት፤ ጭላዳ አለኝ» አለችኝ እየሳቀች፤ ቦርሳዬን ስታይ ሳቋ ጠፋ።

ዋልያ ሆኜ ያሳለፍኩት ጊዜ ስቃይ ነበር። ለዋልያዎች በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሚነገራቸው፣ ሌሎቹ ሲስቁ እስቃለሁ፣ ሲጽፉ እጽፋለሁ፣ ጥያቄ ሲመጣ አስነጥሳለሁ። ውባለም በሩ ጋ «ኤ ፎር አፕል» ትላለች። ምናልባት እንደዚያው እንቀር ነበር፤ ደግነቱ ታናሽ ወንድሟ እራት ላይ ጭላዳ ብሎ ጠራትና ጋሽ ፈንቴ፣ አባቷ፣ ሰሙ። የጋሽ ፈንቴ ማሳ ገደሉ አፋፍ ላይ ስለሆነ ዕድሜያቸውን የፈጁት ከጭላዳ ጋር ሲጣሉ ነው። በማግስቱ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ፣ ዱላቸውን እንደያዙ ክፍላችን በር ላይ ቆሙ።

«ምነው መምህር! እኔ ቀን ሙሉ ጭላዳ ሳባርር ውዬ፣ እርስዎ ማታ ጭላዳ አድርገው ቤቴ ይሰዱብኛል?»

መምህሩ ደንግጦ፣ «አባቴ፣ ክብር እኮ ነው! ጭላዳ ከእኛ አገር በቀር በዓለም ላይ የትም የለም» አላቸው።

«የትም የለም? እንኳንም የለ! ሌላው አገር ተገላግሏላ!»

የቀበሮዎቹ ወላጆችም ስለ በጎቻቸው የሚሉት ነበራቸው። አባቴም መጡና፣ በአርአያ ሥላሴ የተፈጠረ ልጅ በአውሬ ስም አይጠራም ብለው ረጋ አድርገው አስረዱት። መምህሩ በዚያው ቀን ድልድሉን ከሰሌዳው ላይ አጠፋና ወደየዴስካችን መለሰን። ብርዱ እንዳለ ነበር፤ እኛ ግን ከነጠላው ሥር ሆነን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ ትንሽ ነው።

አሥረኛ ክፍል ደረስን። ብሔራዊ ፈተናው መጣና እኔ አለፍኩ፤ ውባለም አላለፈችም። ይኼኛው ድልድል በቁጥር ብቻ ስለነበር ማንም አልተቆጣም። ጋሽ ፈንቴም «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብለው ተቀበሉት፤ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወደ ጎንደር ሄድኩ።

ውባለም ዛሬ አምባ ጊዮርጊስ መንገድ ዳር እህል ትነግዳለች። ለበዓል ወደ ደባርቅ ስሄድ ሚኒባሱ እዚያ ይቆማል፤ እሷም መምጣቴን ከሰማች ሮጣ ወደ መስኮቱ ትመጣለች። ረዳቱ ሰው እስኪሞላ ድረስ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ባሎቻችን፣ ስለ ገብስ ዋጋ እናወራለን፤ እንስቃለን፤ ወሬ አጥተን አናውቅም። ሚኒባሱ ሲነሳ እጄን ትለቅቀኛለች። ከእሷ ጋር ጎን ለጎን ከተቀመጥኩ ግን ስንት ዓመት እንደሆነኝ አላስታውስም፤ ሁልጊዜ እኔ ተቀምጬ፣ እሷ ቆማ ነው።