ስድስተኛዋ ሯጭ ቱዳ

ቱዳ ወደ ቡድናችን የገባችው ሰው ስለጎደለ ነው። በአገር አቋራጭ ሩጫ አንድ ትምህርት ቤት ስድስት ልጆች ያሰልፋል፤ ቀድመው የገቡት የአራቱ ደረጃ ይደመርና ድምሩ ያነሰው ቡድን ያሸንፋል። እኛ የአዝሩ ከተማ ሴቶች አምስት ብቻ ነበርን። የስፖርት አስተማሪያችን ኡስታድ ባሱ በእረፍት ሰዓት ግቢው መሃል ቆመው ስድስተኛ ሲፈልጉ፣ ቱዳ ከወንዶቹ ጋር ክርክር ገጥማ ድምጿ ከአጥሩ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር።

«አንቺ!» አሏት። «ይሄን ሁሉ ትንፋሽ ከየት ነው የምታመጪው?»

«ከእናቴ ነው ኡስታድ። ገበያ ላይ ብርድ ልብስ የምንሸጠው በጩኸት ነው።»

«በይ ነገ የሩጫ ጫማ ይዘሽ ነይ።»

ትከሻዋ ሰፊ፣ እግሯ አጭር ነው፤ ሯጭ ናት ብሎ የሚጠረጥራት አልነበረም። በመጀመሪያው ልምምድ ወደ ዝግባው ጫካ በሚወስደው አቀበት ላይ ቁርሷን አስመለሳት። አፏን በእጅጌዋ ጠረገችና «ነገ በስንት ሰዓት ነው?» አለች። እኔ ኢዛ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው የወደድኳት።

የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር ቲማህዲት ላይ ነበር፤ ንፋሱ ፊት ይልጣል። የቡድናችን ፈጣን ልጅ ኢቶ ከሁሉም ሦስተኛ ሆና ገባች። ከእሷ በኋላ እኔ እስክገባ ብዙ ሰው አልፎ ነበር። ቱዳ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ሆነች። በቡድን ዘጠነኛ ወጣን። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ቱዳ ወደ እኛ ዞረች።

«እናንተ ልጆች፣ ተጣልታችኋል እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለች ኢቶ።

«ኢቶ ለብቻዋ፣ ኢዛ ለብቻዋ፣ እኔ ደግሞ ከአንድ ውሻ ጋር። ከሚደልት ከተማ የመጡት ልጆች ግን ገበያ እንደሚሄዱ ሴቶች ተያይዘው ነው የሮጡት። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትጎትታታለች። እኔ ከኋላ ስለሆንኩ ሁሉም ይታየኛል።»

ኢቶ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «እኔ የማንም ሞግዚት አይደለሁም።»

«አንቺማ ሂጂ፤ ማን ይዞሽ! እኛ ግን አብረን እንሩጥ።»

ኡስታድ ባሱ ከፊት ወንበር ሆነው ሳቁ፤ በማግስቱ ግን ልምምዱን ቀየሩት። ኢቶን ለብቻዋ ለቀቋት፣ እኛን በአንድ ላይ አስሮጡን። አቀበቱ ላይ ስንለግም ቱዳ ከኋላ ሆና «ኢዛ፣ የአያቴ በቅሎ ካንቺ ትሻላለች! አያቴ ደግሞ ከበቅሎዋ!» ትላለች። እየሳቁ መሮጥ ይከብዳል፤ መቆም ግን አይቻልም።

ኢፍራን ላይ ለሁለተኛው ውድድር ስንሰለፍ ከጎናችን የቆመች ልጅ ቱዳን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ለጓደኛዋ «ይቺ ልትሮጥ ነው ወይስ ዕቃ ልትሸከም?» አለች።

«ብርድ ልብስ ይዤላችሁ ነው የመጣሁት» አለች ቱዳ። «ከኋላዬ ስትሆኑ ይበርዳችኋላ።»

እውነትም ሁለቱንም ቀደመቻቸው። እስከ ሁለተኛው ዙር አቀበት ድረስ ከእኛ አልተለየችም፤ ከዚያ ትንፋሽ አጠራት። የቀረነው አራታችን ግን እንደተያያዝን ገባን። በቡድን አራተኛ ወጣን። ኡስታድ ባሱ ለሁላችንም ትኩስ ሀሪራ ጋበዙን፤ ቱዳ የእሷን ሾርባ ጨርሳ የኢቶን ቀማች፤ ኢቶም ተወችላት።

በሳምንቱ ኢክራም የምትባል ልጅ ከኸኒፍራ ተዛውራ ትምህርት ቤታችን ገባች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትሮጥ ኮቴዋ የማይሰማ ልጅ ነበረች። ቀጣዩ ውድድር እዚሁ አዝሩ ላይ ነው፤ ሁለት ቡድኖች ብቻ ወደ መክነሱ የፍጻሜ ውድድር ያልፋሉ። ኡስታድ ባሱ ቱዳን ጠርተው፣ «ልጄ፣ ቦታው ስድስት ነው። ከኢክራም ጋር ተወዳደሪ፤ የቀደመች ትገባለች» አሏት።

ሁላችንም ሜዳው ዳር ቆመን አየን። ቱዳ ጥርሷን ነክሳ ሮጠች፤ እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ኢክራም ግን ጥሩ አድርጋ ቀደመቻት። ቱዳ እጇን ጨበጠቻት፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ሄደች። ከዚያ በኋላ ልምምድ ላይ ድርሽ አላለችም። ክፍል ውስጥ ሳናግራት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ እሷ በሁለት ቃል ስትመልስ ደህና እንዳልሆነች ለማወቅ አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ከኢቶ ጋር ወደ ገበያው ሄድን። ሐሳቡ የኢቶ ነበር፤ እኔም ገርሞኛል። ቱዳ ከእናቷ ጎን ብርድ ልብስ ታጥፋለች።

«ምን ፈለጋችሁ? የአንድ ሰው አለ፣ የሁለት ሰው አለ።»

«አንቺን» አለች ኢቶ።

«እኔ ተሸንፌያለሁ። ኢክራም አለችላችሁ።»

«ኢክራም ጎበዝ ናት፤ ግን አትናገርም። አንቺ ከቀረሽ ወዲህ ልምምዱ ለቅሶ ቤት ሆኗል።»

«ለመጮህ ብቻ ነው የምትፈልጉኝ?»

ኢቶ የብርድ ልብሱን ሌላ ጫፍ ያዘችላት። «ኢፍራን ላይ ከኋላዬ ስትጮሂ ይሰማኝ ነበር» አለች። «ብቻዬን የሮጥኩ አልመሰለኝም።»

የቱዳ እናት ጨርቅ ከሚመርጥ ደንበኛ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ «ሂጂ እንግዲህ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስታኮርፊብኝ ሰነበትሽ» አሉ።

ቱዳ ሳቀች። «እሺ፣ እመጣለሁ። ግን ልምምዱን እኩል ነው የምሠራው፤ ውኃ አቀባይ አይደለሁም።»

የአዝሩ ውድድር ቀን ሌሊቱን ዘንቦ ሜዳው ጭቃ ሆኖ አደረ። ቱዳ ተጠባባቂ ናት። ሲጀመር ኢክራም የመጀመሪያ ቀኗ ነውና ጓጓች፣ ከኢቶ ጋር እኩል ተፈተለከች። በሁለተኛው ዙር ኢቶ ጭራሽ ጥላት ሄደች፤ ኢክራም ደግሞ አቀበቱ ላይ ጉልበቷ ከዳት። ከሩቅ ሳያት እጇ ተንጠልጥሎ፣ ልትቆም ነበር።

ቱዳ ሜዳውን አቋርጣ አቀበቱ አናት ላይ ደርሳ ነበር። ረጅም ጃላባ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ይዛለች።

«ኢክራም! እንዳትቆሚ! ብቻሽን አይደለሽም፣ ኢዛ መጣችልሽ! ዝም ብለሽ ተራመጂ፣ ስትደርስብሽ ተከተያት! ኢዛ፣ አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ? ነይ ውሰጃት!»

ደረስኩባት። «ነይ» አልኳት፤ ከዚያ በላይ ትንፋሽ አልነበረኝም። ኢክራም አንዴ አየችኝና ከጎኔ ገባች። ከኋላችን አራተኛዋ ልጃችን ነበረች። ቱዳ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየሮጠች፣ ዳኛው «አንቺ ልጅ፣ ከመስመሩ ውጪ!» እያሏት፣ እስከ መጨረሻው አልተለየችንም። ቁልቁለቱ ላይ አራት የሚደልት ልጆች አለፍን።

ኢቶ አንደኛ ወጣች። ቡድናችን ሁለተኛ ተባለ። መክነስ!

ኢክራም ጭቃዋን ሳትጠርግ ሄዳ ቱዳን አቀፈቻት። «ባትጮሂልኝ ቆሜ ነበር» አለቻት። ቱዳ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ሙሉ በሙሉ ዘግቷል። ኡስታድ ባሱ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ምስጋና ለአላህ!» ሲሉ፣ ስለ ውድድሩ ይሁን ስለ ዝምታው እስካሁን አልነገሩንም።

መክነስ ላይ ስድስተኛ ወጣን፤ ለእኛ ብዙ ነው። ቱዳ ያንንም ቀን ተጠባባቂ ነበረች። ክረምቱን ግን በረዶ ሲጥል እንኳ ከኢክራም ጋር ጫካው ድረስ ትሮጥ ነበር፤ አንዷ ስታወራ አንዷ ስትሰማ።

በቀጣዩ ዓመት ቲማህዲት ላይ ከቡድናችን አንዷ ተመርቃ ስለወጣች ቱዳ በራሷ ቦታ ተሰለፈች። መድረሻው ሲቀርብ ከኢክራም ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኑ፤ ቱዳ በአንድ እርምጃ ቀድማ አራተኛችን ሆና ገባች፤ ደረጃዋም ተደመረ። በቡድን ሦስተኛ ወጣን። ወደ አዝሩ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሁለቱ ተጨቃጨቁ።

«ገፍተሽኛል» ትላለች ኢክራም።

«ንፋሱ ነው።»

«ንፋሱ ክርን አለው?»

«የቲማህዲት ንፋስ አለው» አለች ቱዳ፣ እግሯን ፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ላይ ሰቅላ።