የሰሌዳ ሁለት ቀዶ ጥገና

ሰሌዳ ያሏት የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያለችና ደረቷ ልሙጥ ስለነበረች «ጠመኔ ብቻ ነው የጎደላት» እያሉ ይስቁባት ነበር። እኛ ልብስ ስፌት ቤት ስትቀጠር ስሙን ራሷ ይዛው መጣች። በመጀመሪያው ቀን «ሰሌዳ በሉኝ፤ ኋላ ተሰብስባችሁ ከምታወጡልኝ እኔው ላቅልላችሁ» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመት እበልጣታለሁ። የእሷ የስፌት መኪና በመስኮቱ በኩል፣ የእኔ ከጎኗ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቬሎ ሰፍተናል።

እጇ የተባረከ ነበር። በተለይ ደረትና ወገብ ላይ የሚያርፈውን ክፍል እንደሷ አድርጎ የሚቆርጥ አላየሁም። ሙሽራዋ ጡቷ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ አንዱ ከሌላው ዝቅ ያለም ቢሆን፣ ሰሌዳ እዚህ ስፖንጅ ጨምራ፣ እዚያ ስፌት አስገብታ መስታወት ፊት ስታቆማት ልጅቱ ራሷን ማመን ያቅታታል። ሦስት ጊዜ ጠርታ ሳትለካ መቀስ አታነሳም። ሙሽሮቹ በመመላለሱ ሲያጉረመርሙ «ከተቆረጠ በኋላ ብናለቅስለት ጨርቁ አይሰማንም፤ አሁን ተመላለሺ» ትላቸው ነበር።

አንድ ቀን የአንዲት ሙሽራ አክስት ልኬት ላይ አብራት መጣች። ተጫዋች ሴት ናት። ሰሌዳ ተንበርክካ የቀሚሱን ወገብ በስፒል ስትይዝ ከላይ ሆና አየቻትና፣ «አደራ፣ የወንድሜን ልጅ በራስሽ ልክ እንዳትሰፊያት!» አለቻት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰሌዳም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉ የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ ስስቅ ቀና ብላ ያየችው እኔን ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ዘርፍ እየሰፋሁ ሳለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ ሐሙስ ሐኪም ቤት አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«ምን ሆነሽ?»

«ምንም አልሆንኩ። ጡቴን ላስተልቅ ነው። ሲሊኮን ያስገባሉ።»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። «ባልሽ ያውቃል?»

«ያውቃል። ‹ጎደለብኝ ያልኩሽ ቀን አለ ወይ?› አለኝ። ለሱ ብዬ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደረት ሳስተካክል ኖርኩ። አንድ ቀን ያለ ስፖንጅ መልበስ አማረኝ፣ በቃ።»

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ዝምተኛና ደግ ሰው። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣውም። ስለዚህ ይህን ታሪክ ስናገር በሱ ላይ ላላክክ አልችልም።

ክሊኒኩ ንጹሕ ነበር። ነጭ ሶፋ፣ ግድግዳው ላይ የሚስቁ ሴቶች ፎቶ። ሐኪሙ ወጣትና ትሑት ነው። ከመሳቢያው የተለያየ መጠን ያላቸው ለስላሳ ከረጢቶች አወጣና «ጡት ማስያዣሽ ውስጥ አድርጊያቸውና በመስታወት እዪ» አላት። ከመጋረጃው ኋላ ስትወጣ ፊቷ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችው።

«ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሳምንት አርፈሽ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ።»

ሌላ አልጠየቀችም። እሱም ልጅ መውለድ ታስቢያለሽ ወይ፣ ሥራሽ ክንድ የሚጠይቅ ነው ወይ፣ በዘርሽ የጡት ሕመም አለ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። በሃያ ደቂቃ ጨርሰን ወጣን። ጸሐፊዋ ስድስት ገጽ ወረቀት ሰጠቻትና «የተለመደው ነው፣ ሁሉም ይፈርማሉ» አለቻት። ለአንድ ቀሚስ ሦስት ጊዜ የምትለካው ሴት ቦርሳዬን ጭኔ ላይ እንዳለ ተደግፋ፣ አንድ መስመር ሳታነብ ፈረመች።

የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር። ሕመሙ በሳምንት ሳይሆን በወር ተኩል ለቀቃት እንጂ፣ ለቀቃት። ሰማያዊ ቀሚስ ለራሷ ቆርጣ ሰፋች። አካሄዷ ተለወጠ፤ ትከሻዋን ወደ ኋላ ጣል አደረገች። እኛም አፋችን ስለለመደ ሰሌዳ ስንላት «አሁንማ ስም ለውጡልኝ እንጂ!» ትለናለች።

ከዚያ ሴት ልጅ ወለደች። ሐኪሙ የቀደደው በጡቷ ጫፍ ዙሪያ ነበር። ልጅቱ ቀኙን ትጠባለች፤ ወደ ግራው ስትዞር ጥቂት ስባ ታለቅሳለች። ልጠይቃት የሄድኩ ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታጠባ ነበር። ቀና ሳትል «እትዬ፣ ልጄ አፏን ማስገባቷን የማውቀው ዝቅ ብዬ ሳያት ነው። አይሰማኝም። በሁለቱም አይሰማኝም» አለችኝ። የልጅቱን ካልሲ አንስቼ አጠፍኩ፣ ፈታሁ፣ መልሼ አጠፍኩ።

ልጅቱ ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላት የሰሌዳ ግራ ጡት እየጠነከረ መጣ። በመጀመሪያ ጠበቀ፣ ከዚያ እንደ ኳስ ደደረና ወደ ላይ ወጣ። በልብስም ይታይ ጀመር። ረጅም ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋ ግራ እጇ መሐል ላይ ይቀርና ከንፈሯን ነክሳ ትቆማለች። ወደ ክሊኒኩ ሄድን። ወጣቱ ሐኪም ለቅቋል፤ የት እንደገባ የሚነግረን አላገኘንም። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄድን፤ እዚያ ጠጉሯ የሸበተ ሴት ሐኪም ጊዜ ወስዳ መረመረቻት።

«ሰውነት የማያውቀው ነገር ሲገባበት ዙሪያውን በጠባሳ ያጥረዋል፣ ልጄ» አለቻት። «በብዙዎች ላይ አጥሩ ስስ ሆኖ ይቀራል። በአንዳንዶች ግን እየጠበቀ ይጨመድደዋል። ያንቺ እንደዚያ ነው።»

«ምን አጥፍቼ ነው?»

«አላጠፋሽም። እጁ የሰላ ሐኪም በሠራውም ላይ ይደርሳል። ግን አስቀድሞ ሊነገርሽ ይገባ ነበር። ይሄ ዕድሜ ልክ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ አንድ ቀን ይወጣል ወይም ይለወጣል፣ ሌላ ቀዶ ጥገና ማለት ነው። የጡት ስሜት ሊጠፋ ይችላል። በጫፉ በኩል ሲቀደድ ደግሞ ወተቱ ሊጎድል ይችላል። የጡት ምርመራ ስታደርጊም እንዳለብሽ መናገር አለብሽ፤ ራጁን ይጋርደዋል።»

«ማንም አልነገረኝም!»

ሐኪሟ «የፈረምሽው ወረቀት አለሽ?» አለቻት።

ወረቀቱ ከልጅቱ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፌስታል ተቀምጦ ነበር። ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆመን መነጽሬን አድርጌ አነበብኩላት። አራተኛው ገጽ ላይ፣ በደቃቃ ፊደል፣ ሁሉም አለ። መጠንከሩ፣ መደንዘዙ፣ ወተቱ፣ ተመልሶ መቀደዱ፤ አንድም የቀረ የለም። ከሥሩ ስሟና ፊርማዋ። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሰሌዳ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ፊርማዋን አየችው። «የኔ ነው» አለች። ያን ጊዜ ጮኻ ብትሳደብ፣ ብታለቅስ በወደድኩ።

ሐኪሟ ሁለት ምርጫ ሰጠቻት፤ በሌላ መለወጥ ወይም ሁለቱንም አውጥቶ መተው። ይወጣ አለች። ጠባሳውም አብሮ ወጣ። እብጠቱ ሲጎድል የቀረው ግን የድሮው ደረት አልነበረም። ቆዳው ተለጥጦ ስለነበር ተሸብሽቦ ወረደ፤ በግራ በኩል ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ አለ። ግራ ክንዷ ግማሽ ያህል ተሻለው፤ ከትከሻዋ በላይ ግን አይወጣም።

ወደ ሥራ ተመልሳ አራት ወር ሞከረች። ሙሽሮች ልኬት ላይ ራቁታቸውን ከወገብ በላይ ሲቆሙ ሜትሩን ታነሳና ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን የአንዷን ደረት ሳትለካ በግምት ቆረጠች። ጨርቁ ተበላሸ። አሠሪያችን አልተቆጣትም፤ ጥፋቱን ግን ሁላችንም አየነው፣ እሷም እኛ ማየታችንን አየች። በማግስቱ አልመጣችም።

ታናሽ እህት አላት፣ ባንክ የምትሠራ። ይህ ከሆነ ከዓመት በኋላ እሷም ተመሳሳይ ነገር እንዳሰበች ስልክ ደውላ ነገረቻት። ሰሌዳ ልጇን እኔ ዘንድ ትታ እህቷ ቤት ሄደች። ሸሚዟን ፈትታ አሳየቻት።

«ምን አለችሽ?» አልኳት ስትመለስ።

«አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ‹መጠየቅ የነበረብሽን ሁሉ ንገሪኝ፣ ልጻፈው› አለችኝ።»

ነገረቻት። ምን ያህል ሰው ሠርተሃል፣ ሲበላሽ የሚያስተካክለው ማን ነው፣ በየት በኩል ትቀድዳለህ፣ መውለድ ባስብስ፣ ሲወጣ ደረቴ ምን ይመስላል፣ ሳላደርገው ብቀርስ። ታናሿ ወረቀቱን ይዛ ሦስት ሐኪም ጋ ሄደች። አንዱ ተቆጣት፣ አንዱ ቸኮለባት፣ ሦስተኛው ሁለት ቀን ቀጥሮ እያንዳንዱን መለሰላት። ወር አስባ አስደረገች። ደህና ሆነላት። እስከ ዛሬ ደህና ናት።

ልትጠይቃት የመጣች ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ። ሰሌዳ «አምሮብሻል፣ እቴ» አለቻትና ሳመቻት፤ ከልቧ ነበር። እህቷ ስትወጣ እስከ በሩ ሸኘቻት። ከዚያ መተላለፊያው ላይ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች።

«ደስ ብሎኛል እትዬ» አለችኝ። «እግዜር ያውቃል፣ ደስ ብሎኛል። ግን ያ ሁሉ ጥያቄ ከኔው አፍ ነው የወጣው። ‹ጠይቂ› የምትለኝ ያኔ የት ነበረች?»

ያኔ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። ቦርሳዬ ላይ ስትፈርም ዝም ብዬ ያየሁት እኔ ነኝ። እሷ እንዲህ ብላ አታውቅም፤ አትልምም።

አሁን ቤቷ ሆና የሱሪ ጫፍ ታጥፋለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፤ ክንድ የማያስነሳ ሥራ። ባሏ ከሥራ ሲገባ ከኋላዋ መጥቶ ሊያቅፋት ይሞክራል፤ እሷ ክንዷን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ትጠብቀዋለች። እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። ስለ ልጅቱ ትምህርት፣ ስለ ክር ጥራት እናወራለን። ባለፈው እሁድ ልወጣ ስነሳ፣ «ነገም ብትመጪ ቅር አይለኝም» አለችኝ። ነገ ሥራ እንዳለኝ ታውቃለች። እሺ ብያት ወጣሁ፤ በማግስቱ ግን አልሄድኩም።