ነጠላ ሰረዝ የበዛበት ማመልከቻ

ጂንካ በተመደብኩ በሦስተኛው ዓመት ሰባተኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። አራት ክፍል ነበረኝ፤ በየክፍሉ ከሰባ የማያንሱ ልጆች። ድርሰት ያጻፍኩ ቀን ደብተሮቹን በማዳበሪያ አድርጌ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሜዳ አቋርጬ ወደ ቤቴ እሸከማቸዋለሁ። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጫማዬን ይዞ ያስቀረዋል። እቤት ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ቁጭ ብሎ ማዳበሪያውን ማየት ነው።

ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። «ጠዋት ተነሳሁ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ ቁርስ በላሁ፣ ዝናብ ዘነበ፣ ወንዙ ሞላ፣ ትምህርት ቤት አልመጣሁም፣» ይልና ገጹ ያልቃል። አራት ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ለአብዛኞቹ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ እቤታቸው አሪኛ ሲናገሩ አድረው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ቃል ግን አይቸግራቸውም። የሚቸግራቸው ማቆሙ ነው።

ደንቡን ከመስከረም ጀምሮ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ማሰሪያ አንቀጽ ዐረፍተ ነገሩን ይዘጋዋል፤ ከተዘጋ በኋላ ነጠላ ሰረዝ አይበቃውም። ወይ አራት ነጥብ ይደረግለታል፣ ወይ ግሡ ተለውጦ ከሚቀጥለው ጋር ይያያዛል። «ተነሳሁ። ውሃ ቀዳሁ።» ወይም «ተነስቼ ውሃ ቀዳሁ።» ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይደግሙልኛል። በማግስቱ ደብተራቸውን ስገልጥ ያው ነው።

አንድ ሰሞን ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። አንዱ ድርሰቱን ሲያነብ፣ ሌሎቹ ማሰሪያ አንቀጽ በሰሙ ቁጥር እንዲያጨበጭቡ አደረግኩ። ክፍሉ ሠርግ ቤት መሰለ። ከጎን ያለው ክፍል መምህር በሩን ከፍቶ፣ «ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የምትድሪው?» አለኝ።

«አራት ነጥብን» አልኩት።

እየሳቀ ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ በሙሉ አራት ነጥብ ተጠቅመው መጡ። «ገዘር። ሄድኩ። ገበያ። ነው። ሰው። ብዙ።» ሳቄ መጣ። ስቄ ሳልጨርስ ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁ።

በዚያው ዓመት ደሴ ከተማ የሚኖረው አባቴ ታመመ። እናቴ ቀድማ አልፋለች፤ ከእኔ ሌላ ልጅም የለው። መታመሙን የነገረኝ አንድ ጎረቤት በጻፈልኝ ደብዳቤ ነው። ዝውውር በየዓመቱ እጠይቅ ነበርና፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ከእርማቱ መሀል ወረቀት ስቤ የሦስተኛውን ማመልከቻ ረቂቅ ሞነጫጨርኩ። በማግስቱ ፈልጌ አጣሁት።

ማክሰኞ ትምህርት ሲያበቃ አንዲት ልጅ ወደ ኋላ ቀረች። ገዘር ከምትባለው ትንሽ ከተማ በኩል የመጣች ናት፤ ጂንካ ከታላቅ እህቷ ጋር ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ዓመቱን ሙሉ ሳልጠራት አፏን ከፍታ አታውቅም።

«ቲቸር፣ ይሄ ደብተሬ ውስጥ ነበር» ብላ ወረቀት ሰጠችኝ።

ረቂቄ ነው። በእርሳስ አርማዋለች። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የእጄን ጽሑፍ አየሁት። «አባቴ በጠና ታሟል፣ ከእኔ ሌላ ጧሪ የለውም፣ ሦስት ዓመት በትጋት አገልግያለሁ፣ ዝውውር እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ፣ ደክሞኛል፣» እኔው ነኝ የጻፍኩት። ልጅቷ ከመጨረሻዋ በቀር እያንዳንዱን ነጠላ ሰረዝ ሰርዛ አራት ነጥብ አድርጋበታለች።

«አባቴ በጠና ታሟል።»

ደብዳቤው ከደረሰኝ ጀምሮ ከትምህርት ወደ እርማት፣ ከእርማት ወደ ትምህርት እያልኩ እዚያ ነገር ላይ ቆሜ አላውቅም ነበር። የተማሪ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

«የመጨረሻዋን አላረምኳትም» አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማመልከቻ ላይ ‹ደክሞኛል› ይባላል?»

«አይባልም።»

«ላጥፋት?»

«አጥፊያት።»

ላጲሷን አወጣች። የእኔ ጽሑፍ በእስክሪብቶ ስለነበር ወረቀቱ ተላጠ እንጂ ቃሉ አልጠፋም። ተስፋ ቆርጣ ተወችው።

«ቲቸር፣ ሊሄዱ ነው?»

«ከፈቀዱልኝ።»

«ስምንተኛን ማን ያስተምረናል?»

«ሌላ መምህር ይመጣል።»

«እሺ» አለች። ስንት መምህር ሲሄድ እንዳየች ከአነጋገሯ ገባኝ።

ማመልከቻውን በእሷ እርማት ገልብጬ አስገባሁ። መልሱ «ተተኪ እስኪገኝ ይጠብቁ» የሚል ነበር። ሐምሌ ላይ አባቴ አረፈ። መንገዱ አራት ቀን ፈጀብኝና ከቀብሩ በኋላ ደረስኩ። መስከረም ስመለስ ተማሪዎቼ ተሰብስበው ለቅሶ ደረሱኝ። ልጅቷም መጣች፤ «እግዜር ያጽናዎት፣ ቲቸር» ብላ እንደ ትልቅ ሰው እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ብዙ ተቀመጠች።

ዝውውሩ በዓመቱ ተፈቀደ። ቢሮ ሄጄ ይቅርብኝ አልኩ። የሰው ኃይሉ ሠራተኛ ፋይሌን እያገላበጠ፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት ሲመላለሱ ከርመው?» አለኝ። ልጆቹን ወድጄ ነው ብል ደስ ይለው ነበር። እውነቱ ግን ዕቃ ለመሸከፍ አቅም አጣሁ፤ የምሄድለትም ሰው አልነበረም።

ልጅቷ ስምንተኛን አልፋ፣ ቆይታም መምህርነት ተምራ ገዘር አካባቢ እንደምታስተምር ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ሚኒባስ መሳፈሪያው ላይ ተገናኝተን ተሳሳምን። እጇ ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበር። ብዙ ሳናወራ መኪናው ሞላና ሄደች።

እኔ እዚሁ አለሁ፤ ጡረታዬ ደርሷል። የዘንድሮዎቹም ልጆች ዐረፍተ ነገር አይዘጉም። ድሮ ስሕተቱን ብቻ እያደንኩ በፍጥነት እጨርስ ነበር፤ አሁን ድርሰቱን አንዴ እስከ መጨረሻው አነባለሁ፣ ምን ሊሉኝ እንደፈለጉ ካወቅኩ በኋላ እንደገና ከላይ ጀምሬ አርማለሁ። አንዱ ደብተር ሁለት ሆነብኝ። ወገቤም አልቻለውም።