የአጎቴን ድምፅ ይዤ የዘፈንኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ግሮሰሪ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ ያ ዘፈን ከጣሪያው ስፒከር መጣ። አራት ወንዶች ድምፃቸውን አስማምተው ቀስ ብለው የሚዘፍኑት የድሮ የአሜሪካ ካንትሪ ዘፈን ነው። የዕቃ ጋሪዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ሰው ምን ይላል አላልኩም።

አባዬ አዲስ አበባ በወጣትነቱ ይህንኑ ዘፈን ከታናሽ ወንድሙና ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር ይዘፍን ነበር። እንግሊዝኛው ግማሹ አይገባቸውም አሉ፤ ግን ሰርግ ሁሉ ይጠሯቸዋል። አባዬ ወፍራሙን ድምፅ፣ አጎቴ ቀጭኑን ይይዛል። አሜሪካ፣ ሲያትል መጥቶ ታክሲ ሲነዳም የዘፈኗ ካሴት አልተለየችውም። ከከተማው ወጣ ወዳለው ፌደራል ዌይ ብንዛወርም ትምህርት ቤቴ እዚያው ሲያትል፣ ማውንት ቤከር ሰፈር ስለነበር ጠዋት ጠዋት እሱ ነው የሚያደርሰኝ። ዝናቡ መስታወቱን እየመታ፣ መኪናዋ እርጥብ ምንጣፍና የትናንት ተሳፋሪ ሽቶ እየሸተተች፣ ይጀምራል። "በይ አንቺ የአጎትሽን ያዢ!" እይዛለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

አንድ ሰኞ አጎቴ አዲስ አበባ ሞተ። ስልኩን ያነሳችው እማዬ ናት። ያን ዕለት አባዬ ሥራ ላይ ሳለ የአገር ልጅ ሽማግሌዎች ሳሎናችን ቁጭ ብለው መከሩ። መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው። ለእሁድ ቀጠሩት። ታዲያ ለምን በማግስቱ አልሆነም? ሰው ሁሉ ከሥራ ኦፍ የሚሆነው እሁድ ነዋ! "ደግሞ መሪ የሚይዝ ሰው ነው፣ ሃይዌይ ላይ አንድ ነገር ቢሆንስ?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ወደ እኔ ዞረው፣ "አንቺም ልጄ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ" አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት አባዬ እየተነጫነጨ መኪና ውስጥ ገባ። ለወንድሙ ሊደውል የስልክ ካርዱን ፈልጎ አጥቷል፤ የደበቀችው እማዬ ናት። "ግድ የለም፣ ለገና እንደውልለትና ሁለታችን እንዘፍንለታለን" አለና ካሴቷን ከፈተ። "ሶ፣ እስከዚያ እንለማመድ። ያዢ!"

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

"ምን ሆንሽ? ዘፍኚ እንጂ!"

ዘፈንኩ። የሞተውን ሰው ድምፅ ይዤ፣ አይ-ፋይቭ ሃይዌይ ላይ፣ እስከ መጨረሻው ዘፈንኩለት። እሱ መሪውን በጣቱ እየመታ ይስቅ ነበር።

እሁድ ማለዳ ሽማግሌዎቹና ዘመድ ወዳጁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አባዬ በሩን ከፍቶ ሲያያቸው መርዶ መሆኑ ገባው፤ ወንድሙ እንደሆነ ነገሩት። "መቼ?" ብቻ ነው ያለው። "ሰኞ" አሉት። አላለቀሰም። በሰዉ መሃል እኔን ፈልጎ አገኘኝ።

"ሐሙስ ታውቂ ነበር?"

"ልጅቷን ተዋት፣ እኛ ነን ዝም በዪ ያልናት" አለች እማዬ።

"ደግ አደረጋችሁ" አለ። "ወንድሜ አፈር ለብሶ እኔን አስዘፈናችሁኝ።"

"ለአንተው ብለን ነው" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ለእሱ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እሁድ የተመቸው ለእነሱ ነው፤ አባቴን ያጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ እኔ ፊት ዘፍኖ አያውቅም።

አሁን ሸምግሏል። ስደውልለት ደህና ነሽ ወይ የለ፣ ምን የለ፤ "ማን ሞተ?" ነው የሚለኝ።

"ኧረ ማንም አልሞተም አባዬ፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።"

"እሺ" ብሎ ይዘጋል። ከዚያ ለዘመድ ሁሉ እየደወለ ያጣራል።