ከወንዙ ዳር የተነሣው ችካል

ችካሉ መጀመሪያ የተተከለው ወንዙ ዳር ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሰዎች መጥተው ነበር። አንዱ ሦስት እግር ባለው መነጽር ያጮልቃል፤ ሌላው ከማዶ ዘንግ ይዞ ቆሟል። አለፍ አለፍ እያሉ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ እንጨት ይቸክላሉ። ምን እንደሆነ ጠየቅሁ።

«ትልቅ የመብራት መስመር ሊያልፍ ነው፣ እህቴ» አለኝ ዘንግ የያዘው።

ወንዙ ዳር ድንጋይና እሾህ ነው። ፍየል እንኳ ጠግባ አትወጣበትም። ይለፍ፣ ማንን ይጎዳል አልኩና እንስራዬን አዝዬ ወጣሁ።

ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲጠባ ያ ችካል ከቦታው የለም። ዳገቱን ወጥቶ በእኛ ባሕር ዛፍ መሐል ተተክሎ አገኘሁት።

ያን ጊዜ ቀራንዮ ከተማ አልነበረም። አስፋልቱ ኮልፌ ላይ ይቀራል። ከመድኃኔ ዓለም በታች ያለው ሁሉ እርሻና ባሕር ዛፍ ነው። የእኛን ባሕር ዛፍ የተከሉት አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ናቸው፤ በጭሰኝነት ዘመን፣ በሰው መሬት ላይ። እንጨቱ ለቋሚና ለማገር ሲደርስ እኩሌታው ለባላባቱ ይሄድ ነበር። እሳቸው ቆርጠው፣ እሳቸው ልጠው፣ እሳቸው ተሸክመው ያደርሳሉ። አንድ ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። «ጃንሆይ አያውቁም እንጂ ቢያውቁ አይፈቅዱም» ይሉ ነበር።

ከዚያ አዋጁ ወጣ፤ መሬት ላራሹ ተባለ። እኔ ሰልፉ ፊት ነበርኩ፣ እልል ስል ድምፄ እስኪዘጋ። ዛሬ ብዙ ሰው ያንን ቀን ማንሣት ያፍራል፤ እኔ አላፍርም። ፊደል የቆጠርኩትም በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ሕፃን ታቅፌ፣ የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጬ። አማቴ ግን ሰልፍ አልወጡም። ወደ ጓሮ ዞረው ከጉቶው ያቆጠቆጠውን ባሕር ዛፍ አንድ በአንድ እየዳበሱ ሄዱ። ማታ ላይ «አሁን የሚደርሰውን ማንም አይካፈለኝም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ሁሉ ስለዚያ ቆረጣ ነበር። መጀመሪያ የትኛውን እንደሚጥሉ እንኳ መርጠው ነበር።

ችካሉ ጓሯችን የተተከለው ባሕር ዛፉ ለቆረጣ ሊደርስ አንድ በጋ ሲቀረው ነው።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የባሌ መቀናጆ ነበር። ለማያውቅ ልንገር። እኛ አንድ በሬ አለን፣ እሱም አንድ በሬ አለው፤ አጣምረን አንድ ቀን የእኛን፣ አንድ ቀን የእሱን እናርሳለን። በሬ ያጣመረ ሰው ተራ አይሰርቅም፤ ከሰረቀ ከመንደር ይወጣል። ይህን ተማምኜ ነው ቢሮው የሄድኩት።

«ችካሉ ለምን ተነሣ?» አልኩት።

«የቱ ችካል?»

«ወንዙ ዳር የነበረው።»

«እኔ መሐንዲስ ነኝ እንዴ?»

«ሊቀመንበር ነህ። ተራ ታውቃለህ። ሰው የሌለበትን ትቶ ሰው ያለበትን የሚመርጥ ምን ዓይነት መብራት ነው?»

ሳቀ። ሳቁ የድሮው ነበር፣ ሞፈር ተሸክሞ ደጃችን ሲደርስ የሚስቀው። «አንቺንስ ፊደል ባናስቆጥርሽ ይሻል ነበር» አለኝና ወዲያው ፊቱን መለሰ፤ በር ላይ ሰው ቆሞ ነበር። «ጓዲት፣ ጥያቄ ካለሽ በስብሰባ ነው።»

በስብሰባው ከከተማ አንድ ካድሬና አንድ ወጣት መሐንዲስ መጡ። ካድሬው ስለ ልማት ብዙ ተናገረ። መስመሩ ባሕር ዛፋቸው ላይ የሚያልፍባቸው አምስት ቤቶች ነበርን፤ ከኋላ አንድ ላይ ተቀምጠናል። ጎረቤቴ፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ እንደ ማጭድ የሆነች ሴት፣ እጇን አወጣች።

«ጓድ መሐንዲስ፣ ይሄ መብራት እኛ ቤት ይገባል?»

«አይ፣ እናቴ፣ ይህ ከፍተኛ ኃይል ነው። ቤት አይገባም፣ ያልፋል።»

«እንደ ሚኒስትር መኪና በሉኛ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መሐንዲሱም አፉን በወረቀት ሸፍኖ ሳቀ። ካድሬው ግን አልሳቀም። መሬቱ የሕዝብ መሆኑን፣ ሕዝብ ለራሱ ልማት ዛፍ የሚሰስት ከሆነ ግን ንቃተ ኅሊናው መመርመር እንዳለበት ተናገረ። «ጥያቄ ከሌለ...» ሲል ተነሣሁ።

«መሬቱ የሕዝብ ነው፣ እሺ። ወንዙ ዳርም የሕዝብ ነው። ከአንዱ የሕዝብ መሬት ወደ ሌላው የሕዝብ መሬት ችካሉ ለምን ተነሣ?»

መሐንዲሱ ካድሬውን አየ። ካድሬው ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን አየ።

«የቴክኒክ ጉዳይ ነው» አለ መሐንዲሱ በመጨረሻ።

«ቴክኒክ ምን አለ?»

መልሱን አልሰማሁም። ካድሬው «ልማትን የሚያደናቅፍ ይውደም!» ብሎ ግራ እጁን አነሣ። ሁላችንም አነሣን። እኔም አነሣሁ፤ ያላነሣ ከሩቅ ይታያል።

ከስብሰባው ስንወጣ እኛ አምስቱ ቤቶች ተማከርን። ድንጋይ አንወረውርም፣ ሰው አንሰድብም። ሊቆርጡ ሲመጡ ሴቶቹ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ዛፍ ተደግፈን እንቀመጣለን። አንድ ሰው መጥቶ ችካሉ የተነሣበትን ምክንያት ይንገረን። ምክንያቱ እውነት ከሆነ እንነሣለን። ከዚህ ሌላ የጠየቅነው የለም።

በካሚዮን መጡ፣ ምሳርና መጋዝ ይዘው። ጠዋቱ ብርድ ነበር፤ ጋቢያችንን ተከናንበን ተቀምጠናል። ካድሬው ወገቡ ላይ ሽጉጥ ታጥቋል።

«ተነሡ» አለ።

«መጀመሪያ የተነሣው ችካል ይቀመጥ» አለች ጎረቤቴ።

አንዳንዶቹ ሠራተኞች ፈገግ አሉ። ሠራተኞች ናቸው፤ ተቀምጠው ቢውሉም ደመወዛቸውን ያገኛሉ። ልባችን ትንሽ ሞቀ። ካድሬው ማንም ያልተቀመጠበትን ዳር ያለ ዛፍ አሳይቶ «ከዚያ ጀምሩ» አለ። ያ ዛፍ አማቴ መጀመሪያ ሊጥሉት የመረጡት ነበር። ገና የመጀመሪያው ምሳር ሲያርፍ እሳቸው ከቤት ወጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በዘንጋቸው መሬቱን እየነኩ መጡ። ቀጥ ብለው ቆሙና ዘንጋቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉ።

«በጃንሆይ አምላክ! ቁም!» አሉ።

ለዛሬ ልጅ ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል። ድሮ የተገፋ ሰው ይህን ቃል ከተናገረ የተባለው ሰው ይቆማል። ጎራዴ አንሥቶ ቢሆን ያወርዳል። ነገሩ ዳኛ ፊት ሳይደርስ ንቅንቅ አይልም። ባላባት እንኳ ጭሰኛው ይህን ቃል ከጠራበት አልፎ አይሄድም ነበር። አማቴ በዕድሜያቸው ሙሉ ሌላ መሣሪያ አልነበራቸውም። ጃንሆይ ከወረዱ ዓመታት ማለፋቸውን ያውቃሉ፤ ሞቱ ሲባልም ሰምተዋል። ግን ያ ቃል ለእሳቸው የአንድ ሰው ስም አልነበረም። የተገፋ ሰው የሚጮኸው እሱን ነው፤ ሌላ አላስተማሯቸውም።

ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው፣ ምሳሩን ወደ ላይ እንዳነሣ ቀረ። አይቼዋለሁ። ቀስ አድርጎ አወረደና እግሩ አጠገብ አቆመው። ያገኘነው ድል ይኸው ነው።

«ምን አሉ እኚህ ሽማግሌ?» አለ ካድሬው።

አማቴ የጠየቃቸው ዳኛ መሰላቸውና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት።

ሮጥኩ። ክንዳቸውን ያዝኩ። «አባባ፣ በሕግ አምላክ ይበሉ! በሕግ!» አልኳቸው በጆሯቸው።

«ሕግ ማነው ልጄ?» አሉኝ ጮክ ብለው። «የት ነው ያለው? የማላውቀውን እንዴት አድርጌ እጠራለሁ?»

ካድሬው ደስ አለው። እንዲህ ስል ማጋነኔ አይደለም፣ ፊቱ በራ። «ለካ ነገሩ የዛፍ አልነበረም!» አለ። የሽማግሌውን ክንድ ከእጄ አስለቀቀና አብረውት የመጡ ሁለት የማኅበሩ ዘበኞች ወሰዷቸው። ባሌ ሲከተል በሰደፍ ደረቱን ገፉት።

ከዚያ በኋላ ስለ ችካል የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። አሁን ነገሩ የፊውዳል ናፋቂ ነገር ሆነ፤ ያ ደግሞ ምን እንደሚያስከትል ሁሉም ያውቃል። ጎረቤቴ ወደ እኔ አየች። «ልጆች አሉኝ» አለችና ከዛፏ ተነሣች። ሌሎቹም ጋቢያቸውን እያራገፉ ተነሡ። አልተቀየምኳቸውም። እኔም ልጆች ነበሩኝ።

አማቴን ያሰሯቸው በባላባቱ የድሮ ጎተራ ነበር፤ ማኅበሩ እስር ቤት አድርጎታል። ምግብ ይዤ ስሄድ ዘበኛው ወጡን በእንጨት አማስሎ ካየ በኋላ አስገባኝ። ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ይህን ቤት አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ጣሪያውን የማገርኩት እኔ ነኝ። እንጨቱም ከእኛ የሄደ ነው።» ቀና ብለው ወደማያዩት ጣሪያ አዩ። «አልነቀዘም አይደል?»

«አልነቀዘም፣ አባባ።»

«ሰዎቹስ ቆሙ?»

እንጀራውን አቀረብኩላቸው። «ይብሉ» አልኩ።

ባሌ ወደ መቀናጆው ሄደ። በር ዘግተው ምን እንደተባባሉ ሁሉንም አልነገረኝም። የነገረኝ ይህን ነው፤ ሽማግሌው ጃጅተዋል ተብሎ ሊለቀቁ ይችላሉ፣ ነገር ግን ቤተሰቡ በስብሰባ ግለ ሂስ ማድረግ አለበት። እኔ አልናገርም አልኩ። «አንቺን ማን ጠየቀሽ» አለኝ ባሌ። የተቆጣ መስሎኝ ቀና ስል ፊቱ የሚለምን ሰው ፊት ነበር። እኔ ከተናገርኩ እንደማበላሸው ያውቃል።

በስብሰባው ቀን ባሌ ቆመ። ኮፍያውን ይዞ፣ ያስጠኑትን እንደ ውዳሴ ማርያም አንድ ቃል ሳይዘነጋ ተናገረ። የድሮ አስተሳሰብ ስለተጫነን ልማትን መቃወማችንን፣ ዛፉን በፈቃዳችን መስጠታችንን። ይህንን ጠብቄ ነበር። ከዚያ ካድሬው፣

«ስለ ችካሉስ?» አለው።

«ችካሉ አልተነሣም» አለ ባሌ። «መጀመሪያም እዚያው ነበር።»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ወንዙ ዳር ከብት ያጠጣ፣ ልብስ ያጠበ፣ ያንን ችካል በዓይኑ ያየ ሁሉ አጨበጨበ። እኔ እጄን ጉያዬ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ። ባሌ ከፊት ሆኖ አየኝ፤ አባቱ ገና ጎተራ ውስጥ ናቸው። እጄን አወጣሁና አጨበጨብኩ።

አማቴ ሲለቀቁ ዛፉ አልቆ ነበር። ቋሚውም ማገሩም በካሚዮን ሄደ፤ ለማኅበሩ መጋዘን ይሆናል ተባለ። ቤት እንዳደረስናቸው ጓሮ አልፈው ሄዱ። በዘንጋቸው ጉቶ ሲነኩ፣ ሌላ ጉቶ ሲነኩ፣ ከበሩ ሆኜ ድምፁን እሰማ ነበር።

«ሁሉንም?» አሉ።

«ሁሉንም።»

«ባላባቱ እንኳ እኩሌታውን ይተውልን ነበር» አሉና ጉቶ ላይ ተቀመጡ። ያን ሁሉ ዘመን ሳውቃቸው ሲያማርሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በማንም አምላክ ማንንም አቁመው አያውቁም። ዶሮ እህል ስትበትን እንኳ «እሽ» ይላሉ እንጂ ቃል አይወጣቸውም።

ባሕር ዛፍ ግትር ነው፤ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በሚቀጥለው ክረምት ጓሮው በለጋ ቅጠል ተሞላ። አማቴ ደስ ይላቸውና ደግሞ ያዝናሉ ብዬ ፈራሁ፤ ግን ደስ አላላቸውም። በጋ ሲገባ የመስመሩ ሰዎች ገጀራ ይዘው መጥተው መነጠሩት። በዓመቱም መጡ። ሽቦው ከበላያችን ዝናብ ሲመጣ እዝዝዝ ይላል፤ እኛ ከሥሩ ኩራዝ እናበራለን።

አማቴ ሲያርፉ ለለቅሶው ድንኳን ግቢያችን ውስጥ መትከል አልተቻለም፤ ሽቦ ሥር ክልክል ነው። ሽቦው የማይደርስበት የጎረቤቴ ደጅ ላይ ተከልን፤ ሽማግሌው ከገዛ ደጃቸው ውጪ ተለቀሰላቸው። በሦስተኛው ቀን የባሌ መቀናጆ መጣ። ከሊቀመንበርነት አውርደውት ነበር፤ ልጁንም ለጦር ሜዳ ወስደውበታል። ጥግ ላይ ተቀመጠ። ንፍሮ ያለበትን ሰፌድ ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

«ችካሉ ለምን ተነሣ?» አልኩት።

«ኧረ በለቅሶ ላይ! ነውር ነው!» አሉ ሴቶቹ። ባሌ አንገቱን ደፋ።

ሰውየው ግን አልተቆጣም።

«እናቴ ትሙት፣ አላውቅም» አለ። «ካድሬውም አያውቅም ነበር። ያ መሐንዲስም አያውቅም፤ ተነግሮት ነው የመጣው። ተነሥቷል አሉኝ፣ ተነሥቷል አልኩ።»

«አልጠየቅህም?»

«ማንን?»

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በልቤ አንድ ክፉ ሰው አበጅቼ ነበር። የወንዙን ዳር ለራሱ የፈለገ፣ ወይ ለዘመዱ፣ ወይ እኛን የጠላ። አንድ ቀን ፊቱ ቆሜ እንድነግረው ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የለም አለኝ። ቢዋሽ ኖሮ አውቅበት ነበር፤ እርሻ ላይ አብረን የኖርን ሰዎች ነን። አልዋሸም።

ንፍሮውን ዘግኜ ሰጠሁት። ለቅሶ የመጣ አይከለከልም። በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ እኔም ወደ ቀጣዩ ሰው አለፍኩ።