የአርባ ዓመት ወረቀት

መስታወቱ ለሁለት ተከፍሎ አገኘው።

ጋሽ ፍርስራሽ ጠዋት ጠዋት የመዝገብ ቤቱን በር ከፍቶ፣ ኮቱን ምስማሩ ላይ ሰቅሎ፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት የሚሄደው ወደ መስኮቱ ጥግ ነው። እዚያ ጥግ ወለሉ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ላይ ጣት የምታህል ቀጭን መስታወት በጀሶ ለጥፎበታል። ይህን ያስተማረው ግንበኛ የነበረው አባቱ ነው። «ልጄ፣ ቤት አይዋሽም፤ ችግሩ ንግግሩ ቀስ ያለ ነው። መስታወት ለጥፍበት። መስታወቱ ከተሰበረ ቤቱ መራመድ ጀምሯል፤ ያን ጊዜ አንተም ተራመድ» ይለው ነበር።

የመጀመሪያው መስታወት ሁለት ዓመት ቆየ። ሁለተኛው ሰባት ወር። ሦስተኛው አንድ ወር ከአምስት ቀን። ይሄኛውን የለጠፈው ትናንት ጠዋት ነው።

ተንበርክኮ ጆሮውን ወለሉ ላይ ጣለ። ከታች፣ ከስብሰባ አዳራሹ፣ የእህቱ ልጅ ማይክሮፎን ስትሞክር ተሰማው።

«አንድ፣ ሁለት... አንድ፣ ሁለት... ይሰማል?»

«ይሰማል» አለ ለወለሉ።

ልጅቷን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። እናቷ፣ ታላቅ እህቱ፣ ስትሞት አንድ ቦርሳ ልብስና አንድ ግትር ልጅ አወረሰችው። አሁን እዚሁ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ናት። ወንበሯ ከመድረኩ በስተግራ፣ ልክ ከዚህ ጥግ በታች ነው። አንድ ቀን በእርምጃ ለክቶት ስለነበር ያውቀዋል። ዛሬ ደግሞ ሰማንያው ሠራተኛ ሁሉ እዚያ አዳራሽ ይሰበሰባል። ከሰዓት እንግዶች ይመጣሉ፤ ጠዋት ልምምድ አለ። ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ጨርቅ «የማይናወጥ ተቋም!» ይላል።

ጋሽ ፍርስራሽ የሚለው ስም ያለ ምክንያት አልወጣለትም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ተላላኪ ሆኖ እዚህ ቤት ሲገባ መዝገብ ቤቱ ውስጥ አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ የጥንት ታሪክ መጽሐፍ አገኘ። አነበበው። ሲጨርስ እንደገና ጀመረው። ከዚያ ወዲህ በዚህ መሥሪያ ቤት ምንም ነገር ብቻውን ተበላሽቶ አያውቅም፤ አንድ ጥንታዊ መንግሥት አብሮት ይወድቃል። ሻይ ቤት ውስጥ ሻዩ ቀጥኖ ከመጣ «የሮም ነገሥታትም የብሩን ሳንቲም በመዳብ ሲያቀጥኑት እንዲህ ነው የጀመራቸው» ይላል። የማታው ዘበኛ አንቀላፍቶ ከተገኘ «ባቢሎንም ጠላት በወንዙ ሲገባ ድግስ ላይ ነበረች አሉ» ይላል። የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ የፈሰሰ ጊዜ ሦስት መንግሥታት በአንድ ጠዋት ወድቀዋል። ሰዉም ለመደው። «ጋሼ፣ ዛሬ ማን ወደቀ?» ብሎ መጠየቅ እንደ እግዜር ሰላምታ ሆነ።

የስንጥቁ ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። ዘጠኝ ደብዳቤ ጽፎበታል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ወደ ኃላፊው ገባ፤ ኃላፊው ጠርዙ ላይ «ለሚመለከተው» ብለው ፈረሙ። የሚመለከተው የቴክኒክ ክፍል «ወለል የንብረት ጉዳይ ነው» አለ። ንብረት ክፍል «የክፍሉ ባለቤት አስተያየት ይስጥበት» ብሎ አዞረው። የክፍሉ ባለቤት ማን ነው? መዝገብ ቤት። ደብዳቤው ሕንፃውን ከምድር እስከ ጣሪያ ዞሮ፣ ደረጃውን ከሠራተኛው በላይ አጥንቶ፣ አሥራ አንድ ፊርማ ለብሶ ራሱ ጋሽ ፍርስራሽ ጠረጴዛ ላይ ተመልሶ ተኛ። እሱም እንደ ደንቡ ቁጥር ሰጥቶ ፋይል አደረገው። ስምንቱም ወንድሞቹ በዚያው መንገድ ሄደው በዚያው መንገድ ተመለሱ።

አንድ ጊዜ ብቻ ኃላፊው ራሳቸው ሽቅብ ወጥተው አዩት። አምስት የክፍል ኃላፊዎች ከኋላቸው ተሰልፈው ነበር።

«ይሄ የቀለም መኮማተር ነው» አሉ ኃላፊው።

የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ቀና ብሎ ጣሪያውን፣ ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ። ወለሉ ቀለም የለውም፤ ሲሚንቶ ነው። «አዎ፣ መኮማተር ነው» አለ።

«መኮማተር ነው» አሉ የቀሩት አራቱ፣ አንድ ላይ።

ያን ዕለት ጋሽ ፍርስራሽ ለእህቱ ልጅ አንድ የጥንት ቻይና ወሬ ነገራት። አንድ ባለሥልጣን አጋዘን እየጎተተ ቤተ መንግሥት ገብቶ «ንጉሥ ሆይ፣ ፈረስ አመጣሁልዎ» አለ። ንጉሡ ሳቁ። ባለሥልጣኑ ዞሮ መኳንንቱን ጠየቀ፤ ገሚሱ ፈረስ ነው አለ፣ ገሚሱ ዝም አለ፣ አጋዘን ነው ያሉት ጥቂቶች ውለው አላደሩም። ብዙም ሳይቆይ መንግሥቱ ፈረሰ።

«አጎቴ፣ አንተ ምን አልክ ታዲያ ዛሬ?» አለችው።

«እኔማ... ደብዳቤ እጽፋለሁ አልኩ።»

«ጎበዝ!» ብላ ትከሻውን መታ አደረገችው። ያ ምት ደብዳቤውን ካዞሩት ፊርማዎች ሁሉ በላይ ተሰማው።

አሁን፣ በጉልበቱ እንደተንበረከከ፣ አንድ ጥያቄ መጣበት። ትናንት ጠዋት የተለጠፈ መስታወት በአንድ ቀን ምን ሰበረው? ቀና አለ።

መደርደሪያዎቹ ቁልቁል አዩት። ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ የአርባ ዓመት ወረቀት። የተዘጉ ጉዳዮች፣ የሞቱ ሰዎች የፈቃድ ማመልከቻ፣ ከተሸጠ ሠላሳ ዓመት የሆነው መኪና የጎማ ጥያቄ። ትናንት ከሰዓት ደግሞ ኃላፊው «ለእንግዶቹ ቢሮዎች ይጽዱ» ብለው ስላዘዙ የየክፍሉ አሮጌ ፋይል በጋሪ በጋሪ ተገፍቶ እዚህ ገብቷል። ማን ተረከበው? እሱ። «ተረክቤአለሁ» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አለ። ከቀድሞውም፣ አሮጌ መዝገብ የሚያስወግድ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር፤ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ተዛወረ፣ ኮሚቴው አንድም ቀን ሳይቀመጥ ቀረ። ጋሽ ፍርስራሽ ያን ጊዜ በልቡ ተደስቷል። ወረቀት መጣል ሞቱ ነው። በሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ አንዲት ቁራጭ ጥሎ አያውቅም።

ሮም በዚህ ወደቀች፣ ባቢሎን በዚያ ወደቀች እያለ ሲያስተምር የኖረው ሰውዬ የገዛ ቤቱን ወለል ተራራ አሸክሞታል። ዘጠኙ ደብዳቤዎች እንኳ ክብደት አላቸው።

ከስንጥቁ ውስጥ ስስ አቧራ ቁልቁል ሲፈስ አየ።

ደረጃውን በጎረምሳ ፍጥነት ወረደ። አዳራሹ በር ላይ የኃላፊው ጸሐፊ የፊርማ ወረቀቱን እንደ ታቦት አቅፋ ተቀምጣለች። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ማንም ሾልኮ እንዳይሄድ ፊርማው የሚወጣው ስብሰባው ሲያልቅ ነው፣ ያልፈረመ ደግሞ እንደቀረ ይቆጠራል።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው? ንግግር ተጀምሯል።»

«ጣሪያው ሊወርድ ነው፤ ሰዉን አስወጪልኝ።»

«ያለ ትእዛዝ? እኔ ልባረር?»

ገፍቶ ገባ። ኃላፊው መድረክ ላይ «ጽናታችን» የሚለውን ቃል ለአራተኛ ጊዜ እያነበቡ ነው። ጎናቸው ደርሶ በጆሯቸው ነገራቸው። እሳቸው ማይክሮፎኑን ሳያጠፉ መለሱለት፤ ሰማንያ ሰው ሰማ።

«በጉዳዩ ላይ ደብዳቤ አለዎት?»

«ዘጠኝ አለኝ፣ ጌታዬ።»

«የት ናቸው?»

«ፋይል ውስጥ።»

«እንግዲያው በሥርዓቱ ተይዟል ማለት ነው። ይቀመጡ።»

አልተቀመጠም። ወደ ሰዉ ዞሮ እስከ ዛሬ ባላወጣው ድምፅ «ውጡ! ጣሪያው ሊወርድባችሁ ነው!» ብሎ ጮኸ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ወደቀ?» አለ አንዱ ከኋላ። «ፋርስ ናት፣ ፋርስ! ተራዋ ደርሶ ነበር!» አለ ሌላው። ሳቁ ሌላ ሳቅ ወለደ። ሠላሳ ሰባት ዓመት በየቀኑ መንግሥት ሲጥል የኖረ ሰው፣ እውነተኛው ቀን ሲመጣ ማን ይመነው?

ያልሳቀችው የእህቱ ልጅ ብቻ ናት። ከራስጌዋ የወረደ ነጭ ዱቄት ደብተሯ ላይ አርፏል። በጣቷ ጠረገችው፤ ቀና ብላ አጎቷን አየችው። ግን አልተነሳችም። ቃለ ጉባኤ ያዥ ሰብሳቢው ስብሰባውን ሳይዘጋ አትነሳም። እንዲህ ያሳደጋት እሱ ራሱ ነው።

ከላይ አንድ ነገር ጠቅ አለ፤ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ። የሰማ ያለ አይመስልም።

ጋሽ ፍርስራሽ ወደ በሩ ተመለሰ። ጸሐፊዋ ልትስቅ አፏን ስትከፍት የፊርማ ወረቀቱን ከእቅፏ መንጭቆ ሮጠ፤ «ኧረ ሰውዬው አብዷል!» የሚለው ጩኸቷ ተከተለው። ግቢውን አቋርጦ የውጭ በር ዘበኛው ጋ ደረሰና ወረቀቱንና የራሱን እስክሪብቶ እጁ ላይ ጣለለት።

«ያዝልኝ። የሚፈርም ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው የሚፈርመው። ገብቶ እንዲመለስ አትፍቀድ።»

«ማን አዘዘ ጋሼ?»

«መዝገብ ቤት!»

ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ አዳራሹ ተመለሰ። አሁን አልጮኸም። መጨረሻው ረድፍ ላይ ወደተቀመጠው፣ በወሬ ፍጥነቱ ወደታወቀው የግዢ ሠራተኛ ጎንበስ አለ።

«ለማንም እንዳትናገር» አለው በሹክሹክታ። «ፊርማው ውጭ በር ላይ ወጥቷል። በአምስት ደቂቃ ይነሳል።»

በጩኸት ያልተነቃነቀ ሕዝብ በሹክሹክታ ተነሣ። መጨረሻው ረድፍ ወገቡን እንዳመመው ሰው ቀስ ብሎ ቆመ፤ ሁለተኛው ስልክ የተደወለለት መስሎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ማስመሰሉም ቀረ። ወንበር ተገለበጠ፣ አንዲት ጫማ ከባለቤቷ ተለየች፣ የክፍል ኃላፊዎቹ በክርናቸው መንገድ ከፈቱ። የጥንት ከተሞች ጠላት ደጃፋቸው ሲደርስ እንኳ በዚህ ፍጥነት አልሸሹም።

አዳራሹ ውስጥ አራት ሰው ቀረ፤ ኃላፊው፣ ልትከስ የገባችው ጸሐፊ፣ ጋሽ ፍርስራሽና እስክሪብቶዋን ያላስቀመጠች አንዲት ልጅ። ኃላፊው ከወረቀታቸው ቀና ሲሉ ባዶ ወንበር አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምልዓተ ጉባኤ የለም፣ ክቡር ሰብሳቢ» አለ ጋሽ ፍርስራሽ። ድምፁን እንደ ደንብ መጽሐፍ አደረቀው። «ያለ ምልዓተ ጉባኤ የሚነበብ ንግግር ዋጋ የለውም። ስብሰባውን መዝጋት አለብዎት።»

ኃላፊው አሰቡ። ከላይ እንደገና ጠቅ አለ፤ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ፣ ጠቅ ጠቅ። የሲሚንቶ ቁራጭ ወርዶ የውኃውን ብርጭቆ ሰበረው።

«ስብሰባው... ተዘግቷል» አሉ።

«ሰዓቱን ልጻፍ—» አለች ልጅቷ።

«ውጭ ትጽፊዋለሽ!» ብሎ ክንዷን ይዞ ጎተታት። ሰብሳቢውን ጸሐፊዋ ጎተተቻቸው።

ከግቢው መሃል ሳይደርሱ መሬቱ ከእግራቸው ሥር አንዴ ዘለለ። ዞረው ሲያዩ የአዳራሹ መስኮቶች በሙሉ ነጭ አቧራ ተፉ። የአርባ ዓመት ወረቀት ወለሉን ይዞ መድረኩ ላይ ተቀመጠ። ከአጥሩ ውጭ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«እኔ ፈርሜያለሁ... የተውኩት ቦታ አለ እንዴ? ፈርሜያለሁ አይደል?»

ልጅቷ አጎቷን አቅፋ አለቀሰች። እሱ ከትከሻዋ በላይ ፍርስራሹን እያየ ነበር። አንድም መንግሥት አልመጣለትም።

በሳምንቱ መሥሪያ ቤቱ የመኪና መጋዘን ውስጥ ሥራ ጀመረ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ይሄኛው በማግስቱ ተቀመጠ። ጋሽ ፍርስራሽን ጠርቶ ሁለት ነገር ጠየቀው። የፊርማ ወረቀት ያለ ፈቃድ ለምን አወጣ? ሁለተኛ፣ ያን ሁሉ ክብደት እላይ ያስቀመጠው ማን ነው?

ዘጠኙን ደብዳቤ መጥራት ይችል ነበር። ጋሪ ያስገፋው የማን ትእዛዝ እንደሆነም ያውቃል።

«ኃላፊው ስንጥቁን መኮማተር ነው አሉ፤ ይህን ጻፉልኝ» አለ። «ክብደቱ ግን የእኔ ነው። መጣል ስለማልወድ ነው። ይህንንም ጻፉ።»

ኮሚቴው የመጀመሪያውን ሳይጽፍ ሁለተኛውን ጻፈ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ወሰነበት። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፤ ከዚያ ቆመ። ቁጥር የለውም። ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ ፍርስራሹ ሥር ነው። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ደግሞ በዚህ ቤት አልተወለደም። ስለዚህ ራሱን ጋሽ ፍርስራሽን ለመኑት።

አዲስ መዝገብ ገዝተው ሰጡት። በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ቁጥር አንድ ብሎ ጻፈ፦ ማስጠንቀቂያ፣ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ከዚያ ደብዳቤውን አንድ ጊዜ አነበበው። የእህቱ ልጅ ከጎኑ ቆማ የት ፋይል እንደሚያደርገው ትጠብቃለች።

ጋሽ ፍርስራሽ ወረቀቱን ለአራት ቀደደና ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

«አጎቴ!»

«ቀለለኝ» አለ፤ ቅርጫቱንም ሊደፋ ይዞት ወጣ።