ግድግዳውን የመረጉት ሽማግሌ ፎቶ

ሰርግ አላነሳም፤ ልደትም አላነሳም። የማነሳው ቤት ነው። አሰላ ላይ ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ «ቤት ደግሞ ምን ብሎ ፎቶ ይነሳል?» ይሉኛል። ይሳቁ። ቤት አይንቀሳቀስም፣ «አሳየኝ እስቲ፣ ወፍሬ ወጣሁ» አይልም። ሥራ የሚያበላሸው ሰው ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ነበር የማምነው፤ ለነገሩ አሁንም ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ከአዲስ አበባ የመጣች አርክቴክት ከተማው ዳር የእንግዳ ማረፊያ አሠርታ ነበር። ሲሚንቶ የለ፣ ቀለም የለ፤ ወለሉ ከፈረሰ መጋዘን የተለቀመ ጣውላ፣ ግድግዳው ከኢተያ በመጣ የስንዴ ጭድ የተቦካ ጭቃ። የመረጉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጭቃውን ሦስት ሳምንት አቡክተው፣ እያሸተቱ «ገና ነው!» እያሉ ሠራተኛውን ሲያስለቅሱ ከርመው፣ በመጨረሻ በመዳፋቸው አለስልሰው ጨረሱት። እንደዚያ ያለ ግድግዳ አይቼ አላውቅም።

ፎቶ በማነሳበት ዕለት ሽማግሌው በዚያ ብርድ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ጠበቁኝ። ሰፊ ኮት፣ ከረባት፣ የተወለወለ ጫማ።

«ልጄ፣ ከግድግዳዬ ጋር አንዴ አንሳኝ» አሉኝ። «ፎቶ ያለኝ መታወቂያ ላይ ነው፤ እሱንም ማህተሙ ግማሽ ፊቴን በልቶታል። ስሞት ድንኳን ውስጥ የሚቆም እንኳ የለኝም።»

«እሺ አባባ፣ በኋላ» አልኳቸው።

በኋላ! አንዲት ፎቶ የምትፈጀው ጊዜ ለማስነጠስ አይበቃም። ግን ብርሃኑ ሊያመልጠኝ ነው፣ አርክቴክቷ ትነጫነጫለች፣ ከረባቱም አስጠላኝ።

ደግሞ የክፍሉን ስፋት የሚያሳይ ሰው አስፈለገኝ። በእኛ ሥራ ካሜራውን ጥቂት ሰከንድ ክፍት ትተን ሰው በፊቱ እንዲያልፍ እናደርጋለን፤ ቤቱ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ሰውየው ጭስ ይሆናል። ፊት አይኖረውም።

«አባባ፣ በግድግዳው ሥር ይለፉ።»

ኮታቸውን ቆለፉ። «ልቁም ወይስ ልሂድ?»

«ይሂዱ። እንዳይቆሙ!»

አራት ጊዜ አመላለስኳቸው። «ተነሣሁ?» አሉኝ። «ተነሥተዋል» አልኳቸው። ዕድሜህ ይርዘም፣ እጅህ ይባረክ፣ ምን የቀረ አለ? ምርቃቱ ሲረዝምብኝ ሰዓቴን አየሁ።

ፎቶው ተወደደ። አርክቴክቷ አሳድጋ ቢሮዋ ሰቀለችው። «ያ ጥላ ለቤቱ ሕይወት ሰጠው» ይሉኛል ያዩት ሁሉ። ኩራቴ አይጣል ነበር!

ክረምቱ ሲወጣ ጥቁር የለበሰች ሴት ስቱዲዮዬ መጣች። የሽማግሌው ልጅ ናት። አባቷ ትናንት ተቀብረዋል።

«ፎቶ ተነሥቻለሁ እያለ ሰፈሩን ሲያስቀና ነበር የከረመው» አለችኝ። «ድንኳኑ ውስጥ የምናቆመው አጣን። እባክህ እሷን አጥበህ ስጠን።»

ኮምፒውተሬን ከፍቼ አራቱንም አሳየኋት። ግድግዳው ላይ የጭዱ ስንጥር ሳይቀር ይቆጠራል። አባቷ ግን የሉም፤ ግራጫ ጭጋግ ብቻ፣ ከታች የተወለወለ ጫማ ጫፍ።

«የታለ?» አለች።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። «አባትሽ ተንቀሳቅሰው ነው» አልኳት።

ጠጋ ብላ ስክሪኑን አየች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«አይ አባዬ! ድሮም አንድ ቦታ መቆም አይሆንለትም ነበር» አለች። «ይቅርታ አድርግልን፤ አድክሞህ ይሆናል።»